ቪትዝ፦ የፊት ፍሬን ቱቦ ቤት ቀይሬ አየሩን ራሴ ላውጣ ወይስ ጋራዥ ልውሰዳት?

ሽምብጥ፦

እንዴት ናችሁ የመኪና ሰዎች። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት፣ በፈረንጅ የ2002 ሞዴል፣ ማርሿ በእጅ ነው። ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የላትም። ከሦስት ሳምንት በፊት ለለቅሶ ደብረ ታቦር ሄጄ ስመለስ፣ ያ ወደ ወረታ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከፊቴ አንድ አይሱዙ ጭነት ይዞ እየወረደ ስለነበር የእሱ ፍሬን ነው ብዬ ስራገመው ቆየሁ። ወረታ ደርሼ ሻይ ልጠጣ ስወርድ ለካ ሽታው የራሴው ነው። የቀኝ ፊት ቸርኬ እጅ አያስነካም። ግራውን ብነካው ለብ ብሏል እንጂ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየባሰ መጣ። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ከግቢ ወጥቼ፣ ኮብልስቶኑን ጨርሼ፣ አስፋልት ገብቼ ሦስት አራት ጊዜ ፍሬን ከያዝኩ በኋላ ግን ወደ ቀኝ መሳብ ትጀምራለች። እግሬን ካነሳሁም በኋላ እንደያዘች ትቆያለች። ድሮ ፎሌ አድርጌ (ማርሽ አውጥቼ) ስለቃት በራሷ የምትንከባለልበት ቦታ ላይ አሁን ቀጥ ትላለች።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ይቀየር ተባልኩ። ሁለተኛው ጋራዥ ማስተሩ ምንም አልሆነም፣ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጨብጠው) ነው አለኝ። ሦስተኛው ጭራሽ ጎማውን ሳይፈታ ዘይት ጨመረና «ችግር የለም፣ ንዳት» ብሎ ሸኘኝ። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የጎማ ቱቦው ነው ይላል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ሳጥፈው ብቻ ጥቃቅን ስንጥቆች ይታያሉ።

አሁን ቱቦው መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ከሆነስ ቤት ይቀየራል? ከሁሉም የሚያስፈራኝ ቱቦው ሲፈታ የሚገባውን አየር ማስወጣቱ ነው። ያለኝ መሣሪያ ክሪክ፣ መደበኛ ቁልፎች፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ነው። ፔዳል የሚረግጥልኝ ረዳት የለኝም። ቤት ያለችው እናቴ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ በሕይወቷ መኪና ነድታ አታውቅም።

ዶልፊን ሹፌር፦

ወንድሜ፣ የሞተር ዘይት መቀየር ሌላ፣ ፍሬን ሌላ። ሞተር እምቢ ቢልህ መንገድ ዳር ትቀራለህ። ፍሬን እምቢ ቢልህ የት እንደምትቀር አንድዬ ነው የሚያውቀው።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ሚኒባስ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ሰው ሞልቼ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ ፔዳሉ ድንገት ባዶ ሆነ። ባዶ ስልህ እንደ ትራስ። ረገጥኩት፣ ወለሉ ጋ ደረሰ። ደግሜ ረገጥኩት፣ ያው ነው። ደግነቱ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ፤ ወደ አንድ መትቼ፣ የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየሳብኩ፣ በተራራው በኩል ጥግ አስያዝኳት። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ «ሹፌር፣ ለሽንት ነው የቆምነው?» ይለኛል። ሰዓት ያህል ቆመን ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ደረቀ። በኋላ ሲታይ ዘይቱ ስንት ዓመት ሳይቀየር ከርሞ ውሃ ጠጥቷል፣ ቁልቁለቱ ላይ ሲግል ፈላ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፣ ለሚያውቅ ሰው ስጥ። ሦስቱ ካላወቁ አራተኛ ፈልግ። የዩቲዩብ መካኒክ አትሁን።

ቁጥር 10 ቁልፍ፦

ዶልፊን የተናገረው እውነት ነው። ግን ሦስት ጋራዥ ሦስት መልስ ለሰጠው ልጅ «አራተኛ ፈልግ» ማለት ምን ያደርግለታል? እኔ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ልጁ ጊዜና ትዕግሥት ካለው ይሠራዋል። የሚቸኩል ከሆነ ግን አይንካው።

ሽምብጥ፣ ከነገርከን ምልክት እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው። የፍሬን ቱቦ የሚያረጀው ከውስጥ ነው። ከውጭ አዲስ መስሎ ውስጡ ያብጥና ቀዳዳው የመርፌ ዓይን ያክላል። ፔዳሉን ስትረግጥ እግርህ ጉልበት አለው፣ ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል። ስትለቅ ግን የሚመልሰው ጉልበት የለም። የፒስተኑ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበቱ) ትንሽ ሳብ ማድረጉ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ታግቶ ይቀራል፣ ሸራው ዲስኩን ሲያሸው ይውላል። ማስገባት እንጂ ማስወጣት የማያውቅ ዘበኛ በለው። ስትቆም ቀስ እያለ ስለሚመለስ ጠዋት ደህና ሆና የምታገኛት ለዚህ ነው።

ሦስቱ ጋራዦች አምስት ደቂቃ ቢሰጡት ኖሮ እንዲህ ይለዩት ነበር። ነድተህ አሙቃት፣ ስትይዝ ግቢ አስገባትና የቀኝ ፊቷን በክሪክ አንስተህ ካቫሌቶ (የተነሳች መኪና የሚደግፍ የብረት እግር) ላይ አሳርፋት። ጎማውን በእጅህ አዙረው፣ እምቢ ይበልህ። ከዚያ ቱቦው ከብረቱ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ ትንሽ ላላ አድርግ። ጎማው ተለቀቀ? እንግዲያው ዘይቱን የያዘው ከዚያ በላይ ያለ ነገር ነው፣ ማስተሩን ትጠረጥራለህ። አልተለቀቀም? ዳዶውን መልሰህ አጥብቅና ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ክፈት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋተኛው መሃል ላይ ያለው ቱቦ ነው። እሷንም ከፍተህ ጎማው እንደያዘ ከቀረ ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ዝገዋል ማለት ነው፣ ቱቦ ብትቀይር አይረዳህም። መለዋወጫ ከመግዛትህ በፊት ይህን ሥራ።

ቱቦው ከሆነ ሁለቱንም የፊት ቱቦ ግዛ። ግራው ደህና ነው አትበለኝ፣ እኩል ነው ያረጁት። ስትገዛ የድሮውን ፎቶ ይዘህ ሂድ፤ ርዝመቱን፣ የጫፉን አቀማመጥ፣ ማሰሪያ ብረቱ ያለበትን ቦታ አስተያይ። የግራና የቀኝ ቱቦ አንድ አይደለም። ካሊፐሩ ጋ የሚገባው ዓይን ያለው ጫፍ በሁለት ጎኑ ሮንዴላ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያትም ቀጭን ቀለበት) ይገባለታል፣ እነሱንም አዲስ ግዛ። የድሮ ሮንዴላ አንዴ ተጨፍልቋል፣ ሁለተኛ አይታመንም። ዘይት ግማሽ ሊትር ለሁለቱ ፊት ይበቃል፣ አራቱንም ጎማ ለማጠብ ግን አንድ ሊትር ያዝ። ሱቁ የተከፈተ ጠርሙስ ቢሰጥህ ተወው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ በተለይ እንደኛ ከተማ ሐይቅ ዳር ክረምት ላይ።

ለሥራው ካቫሌቶ ተዋስ። ይህን ሳትሰማ እንዳታልፍ፦ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ስር እጅህን እንኳ እንዳትከት። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ክሪክ ይንሸራተታል፣ ስሩ ወፍራም ጣውላ አድርግ። ከኋላ ጎማ ስር ድንጋይ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ።

አሁን አንድ የድሮ ሰው ዘዴ ልስጥህ። ምንም ነገር ከመፍታትህ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ትንሽ ወደ ታች ተጫንና በዱላ ከወንበሩ ጋር ወጥረህ ተወው። ያኔ ማስተሩ ውስጥ ያለችው ቀዳዳ ትደፈናለች፣ ቱቦውን ስትፈታ ላይ ያለው የፍሬን ዘይት ጣሳ አይፈስብህም። ግን የፍሬን መብራት በርቶ ስለሚቀር የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቀህ ሥራ። እኔ አንዴ ይህን ረስቼ የደንበኛ ባትሪ ገድያለሁ።

ከብረቱ ቧንቧ ጋር ያለው ዳዶ ነው አስቸጋሪው። ዝገት ያረፈበት ነው፣ ከዋዜማው ጀምሮ ዝገት ማላቀቂያ እየረጨህ አሳድረው። መደበኛ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል። እንደ ቀለበት ቁልፍ ሆኖ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ቧንቧውን አሳልፎ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ አለ፣ 10 ቁጥሩን ፈልግ። በሌላ ቁልፍ የቱቦውን ጫፍ ያዝ፣ በዚህኛው ዳዶውን ፍታ። ሳትይዝ ከፈታህ ብረቱ ቧንቧ አብሮ ይጠማዘዛል፣ ያኔ ሥራህ ከቱቦ ወደ ቧንቧ ተሸጋገረ። ካሊፐሩን የምታወርደው ከሆነ በሽቦ አንጠልጥለው እንጂ በቱቦው አታንጠልጥል።

አዲሱን ስትገጥም መጀመሪያ የብረቱን ዳዶ በእጅህ ጀምር፣ ቁልፍ አታስገባ። ጥርሱን ሳይስት ሁለት ሦስት ዙር በጣትህ መግባት አለበት። ካሊፐሩ ጋ ያለው ጫፍ ትንሽ ጥርስ ካለው ካሊፐሩ ላይ ባለችው ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጠው፣ ከዚያ ቡሎኑን አጥብቅ። እንደ ጎማ ዳዶ በእግር አይረገጥም፣ ወደ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ስትጨርስ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻ ወደ ቀኝ አዙርና ቱቦው የትም እንዳይነካ፣ እንዳይወጠር፣ እንዳልተጠማዘዘ እይ።

አየር ማስወጣቱን ሌላ ሰው ይንገርህ፣ ጣቴ ደከመ።

አባይ ማዶ፦

ጋሼ ደከመኝ ካሉ እኔ ልቀጥል። ሴት መሆኔን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ሌላ ጊዜ «ለባለቤትሽ ንገሪው» የሚሉኝ ስላሉ። የኮሮላዬን ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። አንዴ በመጥፎ፣ አንዴ በጥሩ።

የሚያስፈልግህ ሁለት ቀላል ነገር ነው። አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ ሌላው የግሉኮስ ቱቦ። ፋርማሲ ሄደህ የግሉኮስ ማስገቢያ ግዛ፣ ጫፉን ቁረጠው፣ የአየር ማስወጫዋ ጫፍ ላይ ልክክ ይላል፣ ደግሞ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አረፋውን ታየዋለህ። ሃይላንዱ ውስጥ ትንሽ አዲስ ዘይት አድርግና የቱቦው ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ይስመጥ። ቡሎኗ ሳትዘጋ እግር ቢነሳ እንኳ ዘይት ይስባል እንጂ አየር አይስብም።

ሥራው ሦስት ቃል ነው፦ ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ረዳትህ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ይረግጥና በሦስተኛው ረግጦ ይይዛል። «ያዝኩ» ይልሃል። አንተ ቡሎኗን ሩብ ዙር ትከፍታለህ። ፔዳሉ ይሰምጣል፣ እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይደነግጥና እግሩን ያነሳል። አያንሳ! አንተ ዘግተህ «ልቀቅ» እስክትል ድረስ እግሩ እዚያው ይቆይ። መጀመሪያ ያገዘኝ የእህቴ ልጅ ነበር፣ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። ፔዳሉ ሲሰምጥ «አክስቴ፣ ሰበርኩት!» ብሎ እግሩን አንስቶ ከመኪናው ወጥቶ ሮጠ። እንደገና ከዜሮ።

ፔዳሉ ስር የጣውላ ቁራጭ አድርጉ፣ እስከ ወለል አይርገጥ። ያረጀ ማስተር ውስጥ፣ በሌላ ጊዜ ፒስተኑ የማይደርስበት ቦታ ዝገትና ቆሻሻ ይሰበስባል፣ እስከ ታች ሲረገጥ ጎሚኒው እዚያ ላይ ይቀደዳል። ከዚያ «አየር አስወጥቼ ማስተር ሞተብኝ» ትላለህ።

መጥፎው የኔ ታሪክ ይኸውልህ። ጎማው ጋ ተመስጬ አረፋ ስቆጥር ላይ ያለውን ጣሳ ረሳሁት። ባዶ ሆነ፣ ማስተሩ አየር ጠጣ። የሁለት ሰዓት ሥራ የቀኑን ሙሉ ሆነ። አሁን አምስት ጊዜ ካስረገጥኩ ተነስቼ ሳላይ ስድስተኛውን አላስረግጥም። ኤቢኤስ ባላት መኪና ላይ እንዲህ ቢሆን ደግሞ አየሩ የኤቢኤሱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ያለ ኮምፒውተር አልወጣም ሊል ይችላል። አንተ ስለሌለህ ተገላገልክ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዘይቱ ቀለም ይበላል። መከላከያው ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ እጠበው፣ በጨርቅ መጥረግ ብቻ አይበቃም። የፍሬን ዕቃ ደግሞ በቤንዚን ወይም በናፍታ እንዳታጥብ፣ ብዙ ቦታ ያደርጉታል። ቤንዚን የፍሬኑን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ዛሬ የሸሸኸውን እብጠት ለነገ አስቀመጥክ ማለት ነው። ያገለገለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፋ። ቦያችን የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ታውቃለህ፣ ጣና በእምቦጩ ያየው ይበቃዋል።

ሽምብጥ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ቁጥር 10፣ እርስዎ እንዳሉት ዛሬ ማታ አሙቄ ሞከርኩት። የላይኛውን ዳዶ ላላ ሳደርግ ጎማው ንቅንቅ አላለም። አጥብቄ የአየር ማስወጫዋን ስከፍት ፊጭ አለና ጎማው በአንድ ጣት ዞረ። ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅንበት ነገር በአንዲት ቡሎን አለቀ። ዘይቱን ብታዩት ደግሞ ቡና ነው የሚመስለው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የጣሳው ክዳን ላይ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ) ይላል፣ ሱቅ ያገኘሁት ግን ዶት 4 ነው፣ ይሆናል? ደግሞ የትኛው ጎማ ይቀድማል? ይቺ መኪና ጃፓን መሪዋ በቀኝ ሆኖ ተሠርታ በኋላ ወደ ግራ የዞረላት ናት፣ ለውጥ አለው?

ዶልፊን፣ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ፣ ግን ልሞክረው ነው።

ቁጥር 10 ቁልፍ፦

ዶት 4 አድርግባት፣ ይሆናል፣ እንዲያውም ይሻላል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ዶት 4 እስከ 230። ውሃ ሲጠጡ ግን ዶት 3 ወደ 140፣ ዶት 4 ወደ 155 ይወርዳሉ። ዶልፊንን አባይ በረሃ ላይ ያሸናው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ቀይረው። ብቻ ዶት 5 የሚል እንዳትገዛ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይደባለቅም። ነጥብ አንድ ያለው 5.1 ግን የነዚህ ዘመድ ነው፣ ስሙ አያምታታህ።

ቅደም ተከተሉ ከማስተሩ የራቀው ይቀድማል። ኮፈኑን ክፈትና ማስተሩ በየት በኩል እንደተቀመጠ በዓይንህ እይ፣ መሪው የዞረላት መኪና ላይ ከመገመት ማየት ይሻላል። ግራ ከሆነ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ዘይቱ ቡና ከሆነ አራቱንም እጠብ፣ ጥርት ያለ እስኪመጣ። ኋላውን ስታነሳ የእጅ ፍሬኑ ሳብ እንዳለ ይቆይ፤ ግን አንዱ ጎን አየር ላይ ስለሆነ አትመነው፣ ማርሽ አስገባና የፊት ጎማዎችን በድንጋይ እሰር።

ጨርሰህ ፔዳሉ ከለሰለሰብህ እንዲህ ለየው። ደጋግመህ ስትረግጥ ከፍ እያለ ከመጣና ሲይዝ ግን እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ቀርቷል። ደጋግመህ ስትረግጥ ከፍ ብሎ ደርቆ ከቆመ የኋላ ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፣ ይስተካከል። አንድ ጊዜ ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ወደ ታች ከሄደና የትም የሚፈስ ከሌለ፣ ያኔ ማስተሩ ነው፣ ያ የመጀመሪያው ጋራዥ በአጋጣሚ ልክ ሆነ ማለት ነው።

ዶልፊን ሹፌር፦

ጋሼ፣ አሸናው ያሉት እኔን ነው? እሺ፣ ዕድሜ ነው የምናከብረው። ሽምብጥ፣ ከሠራኸው አይቀር ስትጨርስ ሞተር አስነስተህ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበትህ ግማሽ ደቂቃ ረግጠህ ያዝ፣ ከዚያ ወርደህ እያንዳንዷን መገጣጠሚያ በነጭ ሶፍት ጥረጋት። ሶፍቱ ከረጠበ አትንዳት። ደረቅ ከሆነም መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ፣ እጅህ የእጅ ፍሬኑ ላይ ሆኖ። በዚያው ቀን ወደ ቤዛዊት ዳገት ወጥቼ ቁልቁል ልሞክራት እንዳትል።

ሽምብጥ፦

እሁድ ሠራሁት። ከቅዳሴ መልስ ጀምሬ ወደ 11 ሰዓት ጨረስኩ፣ ምሳውን ጨምሮ።

የቀኙ ዳዶ ሁለት ቀን ሲረጭበት ስለከረመ ቅቤ ሆኖ ተፈታ። የግራው አስለቀሰኝ። ያ ስንጥቅ ቁልፍ ባይኖረኝ ጠርዙ አልቆ ነበር። ዱላውን ወጥሬ ባትሪውን አላቀቅኩ፣ እውነትም ጣሳው እንዳለ ቆየ፣ የፈሰሰው ከአንድ ስኒ አይበልጥም። ከፈሰሰውም ግማሹ ጫማዬ ላይ ነው።

ፔዳሉን የረገጠችው እናቴ ናት። መጀመሪያ «እኔ መኪና አላበላሽም» ብላ እምቢ አለች። በኋላ ልክ ሲንጀሩን እንደምትረግጭው ነው ስላት ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ስንት ዓመት ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፣ እግሯ ከኔ በላይ ያውቃል። ቀስ ብላ ትረግጣለች፣ «ያዝኩ» ትላለች፣ ፔዳሉ ሲሰምጥ ዝም ብላ አብራው ትወርዳለች፣ «ልቀቂ እማዬ» እስክላት አታነሳም። አንዴ ብቻ ጎረቤት በአጥር ሰላም ሲላት እግሯን ሳታነሳ ጠቅላላ የቤተሰቡን ጤና ጠይቃ ጨረሰች፣ እኔ ስር ተኝቼ ቡሎኗን ይዤ እየጠበቅኩ።

የኋላዎቹ ቶሎ ጠሩ። ቀኝ ፊት ላይ ግን አረፋው አላልቅ አለኝ። ሃያ ጊዜ አስረገጥኩ፣ አሁንም ጥቃቅን አረፋ። ማስተሩ አየር ጠጣ ብዬ ልቤ ወረደ። ጣሳው ሙሉ ነው። በኋላ ቀስ ብዬ ሳይ ካሊፐሩ ጋ ያለው ሮንዴላ ዙሪያ ረጥቧል። አንዱን ሮንዴላ አዲስ አድርጌ ሁለተኛውን ረስቼ የድሮውን መልሼዋለሁ! አዲሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፈትቼ ቀየርኩት፣ ጋሼ ያሉት ጥርስም ያኔ ነው ጉድጓዱ ውስጥ በደንብ ያልተቀመጠ መሆኑን ያየሁት። ከዚያ በካቻቢቴ እጄታ ካሊፐሩን ኳ ኳ እያደረግኩ ስድስት ጊዜ አስረገጥኩ፣ አንድ ትልቅ አረፋ ብቅ አለና አለቀ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

የዶልፊንን ሶፍት ሠርቼበታለሁ፣ ደረቅ ነው። ትናንት እስከ ዘንዘልማ ሄጄ ተመለስኩ። መሪው ቀጥ ብሏል፣ የሁለቱ ጎን ቸርኬ ሙቀት እኩል ነው። ፎሌ ሳደርጋት ትንከባለላለች።

የድሮውን የቀኝ ቱቦ አንዱን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ልነፋው ሞከርኩ (በሶፍት ጠርጌ ነው፣ አትሳደቡ)። ጉንጬ እስኪያመኝ ነፋሁ፣ በሌላው ጫፍ የመጣው ትንፋሽ ክብሪት አያጠፋም። የግራውም ያን ያህል አይሻልም ነበር። በምላጭ ለሁለት ሰንጥቄ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ሦስተኛው ጋራዥ በር ላይ ባልፍ ላሳያቸው እያልኩ ነው፣ ግን አላደርገውም።

እናቴ ዛሬ ጠዋት ቡና እያፈላች «ኋላውስ? እሱን መቼ ነው የምንሠራው?» አለችኝ። የኋላ ሸራ ሳያልቅ አልቀረም፣ እሷ አላውቅም ብላ ነው እንጂ እየሰማች ነበር።

ቁጥር 10 ቁልፍ፦

እናትህን ሰላም በልልኝ። ኋላውን ስትጀምር አንዱን ጎን ብቻ ፍታ፣ ሌላውን እንደታሰረ ተወው። ታምቡር ውስጥ ያሉት ሞላዎች የትኛው የት እንደነበረ ሲጠፋብህ ሄደህ የምታየው ሙሉ የሆነ ጎን ይኑርህ። ዓይንህንም ሸፍን፣ ሞላዎቹ ይፈናጠራሉ።